ሦስት ቀን ያለ ጭስ

ወንድሜን ቦክ-ዪንን መጀመሪያ የመታሁት በቀርከሃ ነው፤ የሐር ትሎቻችን የሚተኙበትን ሰፌድ በሚሸከም፣ እንደ ክንዴ በወፈረ ቀርከሃ። ጉልበቱን ነው ያልኩት። አስቤበት ነው። ጭንቅላቱን ብለው ኖሮ ምንም አይሰማውም ነበር፤ በጭንቅላቱ መጠቀም ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። ወደቀ። ሁለተኛ አጎታችን ደረቱ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡበት፤ እኔ እጆቹን ወደ ኋላ ጠምዝዤ በጀልባ ገመድ አሰርኳቸው።

«አንቺ ሦስተኛ! የገዛ ወንድምሽን!» አለኝ፣ አፉ አፈር እንደሞላ፤ ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ስለሆንኩ የምጠራው እንዲህ ነው።

«የገዛ ወንድሜ ባትሆን ለማን ብዬ እደክማለሁ?»

እናታችን በሩ ላይ ቆማ እጇን ታማታለች። «ቀስ በይ! ክንዱን ትሰብሪዋለሽ!»

«ክንድ ይጠገናል እማዬ። በጥይት የተበሳ ልብ የሚጠግን ወጌሻ ካለሽ ጥሪልኝና ልልቀቀው።»

እናቴ እጇን አወረደች። አዋጁን ያነበብኩላት እኔው ነኝ።

ወንዶቻችን ሹሩባቸውን ቆርጠው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋኑ በወረደ በሁለተኛው ዓመት ነው ይህ የሆነው። አዋጁ ከዋናው ከተማ ከካንቶን መጥቶ የቅድመ አያቶቻችን አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። መምህሩ ታሞ ተኝቶ ስለነበር ለሰፈሩ ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ የቀሩት ወንዶች ወረቀት ሲያዩ እንደ ዳክዬ አንገታቸውን ከማስገግ በቀር የሚያውቁት የለም። «ኦፒየም አጫሽ ተብሎ የተመዘገበ ሁሉ በሁለተኛው ወር መባቻ ወደ መፈተኛው ቤት ይገባል። ሦስት ቀን ይዘጋበታል። የን የመጣበት ይረሸናል።» የወንድሜ ስም ከላይ አራተኛው ነበር። የቀረን ሃያ ቀን ነው።

ቤት ለቤት እየዞረ ጋያ የሚፈትሽ ወታደር ጉቦ ይበላል። የን ግን ጉቦ አይበላም። ይህን ያሰበው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ የሚያጨስ ዘመድ ነበረው።

«የን» የምንለው ሐራራውን ነው፤ የጭሱን ሐራራ። ሰዓቱን አይስትም። መጀመሪያ ያዛጋል። ቀጥሎ ዓይንና አፍንጫው እንደተቀደደ ጣሪያ ያፈስሳሉ። ከዚያ አጥንቱ ውስጥ ጉንዳን የገባ ይመስል ይቧጥጣል፣ ያስመልሰዋል፣ ሱሪውን ያበላሻል፣ ይጮኻል። አንድ ነገር አማረኝ የሚል ሰው ምራቁን ውጦ ሥራውን ይቀጥላል። የን የመጣበት ሰው ግን ሌላ ሥራ የለውም። ወንድሜ መጀመሪያ የተቆረጠ ሹሩባውን ሸጠ፣ ቀጥሎ የእናቴን የክረምት ካባ፣ ቀጥሎ የአባታችንን የሬሳ ሣጥን፤ አባታችን ገና ሳይሞት። አባቴ በተውሶ ጣውላ ተቀበረ።

እኔ የተበጠርኩ ሴት ነኝ። በአሥራ ሰባት ዓመቴ ጸጉሬን በገዛ እጄ ጠቅልዬ፣ ባል ላላገባ በአማልክት ፊት ምዬ፣ ከመሰሎቼ ጋር በእህቶች ቤት እኖራለሁ። በሐር ፋብሪካው ከፈላ ውኃ ውስጥ የክሩን ጫፍ እየለቀምኩ እፈትላለሁ። ማንበብም የተማርኩት እዚያው፣ በእንፋሎት መሀል፣ ከገበያ የምገዛቸውን የዘፈን ወረቀቶች ከውኃው ገንዳ አጠገብ ዘርግቼ ነው። ማንም አላስተማረኝም። በየዕለቱ ይህን ለሰው ሁሉ መንገር ደስ ይለኝ ነበር።

ቦክ-ዪንን የሐር ትል ቤቱ ውስጥ ዘጋንበት። ገና ብርድ ነበር፤ ትሎቹ አልተፈለፈሉም፤ ቤቱ ባዶ ነው። ከምሰሶው ጋር አሰርኩት። በአንደኛው ቀን ሰደበኝ። ባል የናፈቃት ብሎ ጀመረ፣ ልጽፈው በማልችለው ጨረሰ። በሁለተኛው ቀን ለመነኝ። ያን ቀን እሱ ሲያጨስበት ከነበረው ክፍል ጣሪያ ላይ እንሽላሊቶች እየሞቱ ይወድቁ ጀመር። ለዓመታት ከእሱ ጋር ጭሱን ሲምጉ የኖሩ ናቸው፤ እነሱንም የን ያዛቸው። እናቴ አምስቱን ጠርጋ አወጣች፤ ከእያንዳንዱ ጋር «ልጄንም እንዲህ ልትጠርጉልኝ ነው» እያለች።

በሦስተኛው ቀን መጮህ ጀመረ። እኔና አጎቴ ደጁ ላይ ተቀምጠን እንጠብቃለን። ሁለተኛ አጎቴ ሃያ ሁለት ዓመት በወርቅ ተራራ፣ በአሜሪካኖቹ አገር፣ ምድር ቤት ውስጥ የኦፒየም መብራት ሲያበሩ ኖረው የተመለሱ ሰው ናቸው። ወርቅ አላመጡም፤ ሳልና ወሬ ነው ያመጡት።

«ይህን ጩኸት እዚያም ሰምቼዋለሁ» አሉኝ። «ነጮቹም እንደኛው ነው የሚጮኹት።»

«ነጮች እርስዎ ቤት ይመጡ ነበር?»

«በሰልፍ! ቁማርተኛው፣ የቲያትር ሴቷ፣ የሀብታም ልጁ። አተኛኘቱን ከኛ ተማሩ፣ ኦፒየሙን መብራት ላይ የምናበስልበትን መርፌ አያያዝ ተማሩ፣ ቃሉንም ተማሩ። መጀመሪያ እንደኛው አሟልተው ‹ዪን የን› ይሉ ነበር፣ የጭስ ሐራራ። ኋላ ምላሳቸው ሰነፈና ጭሱን ጥለው ‹የን› ብቻ አሉ። ይኸው ቃል ደረጃውን ወጥቶ ወደ ውጭ ሄደ።»

«ቃል እግር አለው እንዴ?»

«ስሚኛ! አንድ ቀን መንገድ ላይ ኮፍያው እንኳ ያልተጨማደደ፣ መብራታችንን በሕልሙ ያላየ ልጅ፣ ስለ አንዲት ኮረዳ ‹የን አለብኝ› ሲል ሰማሁት። ናፍቃኛለች ማለቱ ነው። ሌላው ደግሞ ስለ ኬክ!»

«ስለ ኬክ?»

«በእናቴ መቃብር! ስለ ፖም ኬክ!»

ሁለታችንም ሳቅን። ውስጥ ቦክ-ዪን ጭንቅላቱን ከምሰሶው ጋር ማጋጨት ጀመረ። ድው፣ ድው፣ ድው። ጭሱን በመርከብ ጭነው፣ መድፍ ደግነው ያራገፉብን የእነዚያ ነጮች ወገኖች ናቸው። እኛ አጨስነው፣ አበድንበት፣ አባቶቻችንን ያለ ሣጥን ቀበርንበት። እነሱ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ቃሏን ብቻ ለቅመው፣ አጥበው፣ ኬክ ላይ ቀቧት። ወንድሜ እንዲህ የሚጮኸው አንድ ቦዘኔ ጣፋጭ ሲያምረው የሚለው እንዳያጣ ነው? ገብቼ አፉ ላይ ጨርቅ አሰርኩበት። እሱን አልነበረም ዝም ማሰኘት የፈለግኩት፤ ያገኘሁት ግን እሱን ነው።

በአራተኛው ቀን እናቴ፣ እኔ ውኃ ልቀዳ ስሄድ ጠብቃ፣ የሩዝ አጥሚት ይዛ ገባች። ‹በገዛ እጁ ይጠጣ› ብላ አንድ እጁን ፈታችለት። ስመለስ ለትሎቹ የእንጆሪ ቅጠል የምንከትፍበት ቢላዋ ጉሮሮዋ ላይ ነበር።

«ጀልባ!» አለ ቦክ-ዪን። ንፍጡ አገጩ ላይ ወርዷል። «ገበያ የሚወስደኝ ጀልባ አምጪ፤ አለበለዚያ አርዳታለሁ።»

«የኔ ልጅ አያደርገውም» አለች እናቴ፣ ደም አንገቷ ላይ እየወረደ።

«ልጅሽ የለም እማዬ፤ ወጥቷል» አልኳት። እንስራውን ፊቱ ላይ ወረወርኩት። ሲከላከል ቢላዋው ከእናቴ አንገት ራቀ፤ ገብቼ የእጅ አንጓውን በእንስራው ስባሪ ደገምኩት። አጥንቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቋ ሲል ሰማሁ። እሱ ግን ያለቀሰው ለእጁ አልነበረም።

እናቴ አንገቷን በጨርቅ ጠቅልላ እግሬ ላይ ወደቀች። «መድኃኒት ፈልጊለት። በዱላ የሚወጣ ነገር አይደለም ይሄ። አንቺ ታነቢያለሽ፤ አንብበሽ አምጪለት።»

እዚህ ላይ ነው ያበላሸሁት።

በገበያው ድልድይ ሥር ማጨስ ማቆሚያ ክኒን የሚሸጥ፣ ሁለት የወርቅ ጥርስ ያለው ሰው ነበር። ሣጥኑን አንስቼ ሳገላብጥ አይቶ ሳቀ። «እህቴ ማንበብ ትችላለች? እንግዲያውስ እኔ ምን አፌን አደክማለሁ፤ ራስሽ አንብቢው!» አነበብኩት። በጥሩ ቀይ ቀለም የታተመ ነው። «የንን ከነሥሩ ይነቅላል። በውስጡ ቅንጣት ኦፒየም የለበትም፤ ቢኖርበት የሠሪው ዘር ይጥፋ።» መሐላውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሰው በአፉ ይዋሻል። በብረት ፊደል ለቅሞ፣ ቀለም ቀብቶ፣ በዘሩ ምሎ ማን ይዋሻል? እንዲህ ነበር የማስበው። ፊደል በራሴ ስለተማርኩ ፊደል ዘመዴ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ክኒን ዋጠ። አንዲት ዕጣን ነድዳ ሳታልቅ መንቀጥቀጡ ቆመ። ፊቱን አስታጠበችው እናቴ። ሩዝ በላ። አንገቷን አይቶ አለቀሰ፤ እውነተኛ ልቅሶ፤ ግንባሩን መሬት ላይ አድርጎ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ሳምንት ሳይሞላው ፈታሁት። የተሰበረ እጁን በቀርከሃ አስረን በደህና እጁ የትል ቤቱን ግድግዳ ኖራ ቀባ።

እኔማ መሬት አልበቃኝ አለች። ፋብሪካ ውስጥ በየገንዳው እየዞርኩ፣ «ወንዶቻችሁን የሚያድነው ጸሎት አይደለም፤ ማንበብ ነው» እያልኩ ደነፋሁ። ለሦስት ሴቶችም የክኒኑን ስም ጻፍኩላቸው። አምላክ ይቅር ይበለኝ፤ ባሎቻቸው እዚያው ዝርዝር ላይ ነበሩ።

በመባቻው ጠዋት ክኒኑን ውጦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ በእግሩ ሄደ። መፈተኛው ቤት አማልክቱ የተባረሩበት የድሮ ቤተ መቅደስ ነው። በር ላይ እንዲህ አለኝ፦ «ሦስተኛ፣ በአራተኛው ቀን ዓሣ ጥበሺልኝ።»

«ዓሣው አጥንት አለው፤ አንተ ደግሞ አንድ እጅ ነህ።»

«እየለቀምሽ ታጎርሺኛለሻ!»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አጎቴ ሊጠይቁን መጡ። ባዶ ያልሆነውን ሣጥን ጠረጴዛው ላይ አይተው አንዲት ክኒን አነሱና አሸተቷት። ፊታቸው ተለወጠ። በእናቴ የመስፊያ መርፌ ወግተው ከመብራቱ በላይ ያዟት። ክኒኗ አበጠች፣ ፈላች፣ እንደ ማር ተሳበች። ያ ጣፋጭ ሽታ ክፍሉን ሞላው።

«ይሄ ራሱ ነው» አሉ። «ሃያ ሁለት ዓመት ያበሰልኩትን አላጣውም።»

«የለበትም ይላል እኮ! ሣጥኑ ላይ ምሎ ጽፏል!»

«ሣጥኑን ተይው ልጄ። አፍንጫሽን ጠይቂ።»

አፍንጫዬን አልጠየቅኩም ነበር። ያደግሁበት ሽታ አፍንጫዬ ሥር ሆኖ እኔ ፊደል ስቆጥር ነበር። ወንድሜ ጠዋት ውጧል። ማታ ይጎድልበታል። ነገ ረፋድ ላይ የን ይመጣል፤ በሙሉ ኃይሉ፤ ከእንቅልፉ እንደተነሳ።

ሩዝ ቀቀልኩ። አራት ክኒን መሀሉ ቀበርኩ፣ በሸንበቆ ቅጠል ጠቀለልኩት፣ አሰርኩት፣ ዳግመኛ ቀቀልኩት። ቤተሰብ ምግብ ማቀበል ተፈቅዷል። ሁለት ቀን ብቻ የሚያቆየው ካገኘ ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ አንድ ዓመት ቢፈጅም እንደ እባብ ቀጥቅጬ አወጣለታለሁ።

«ብትያዢስ?» አሉ አጎቴ።

«ባልሄድስ?»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ግቢው በሴቶች ተሞልቷል። የበሩ አለቃ ማክ የሚባል ቀጭን፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። እያንዳንዱን ጥቅልል በሳንጃ ጫፍ ይሰነጥቃል። ከፍርግርጉ ጀርባ ሠላሳ የሚሆኑ ወንዶች ቆመዋል። ከእኔ ፊት የነበረችው ሴት ተራዋ ሳይደርስ ባሏ አዛጋ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በእጁ ሸፍኖ። ሁለት ወታደሮች በብብቱ ይዘው ከግንቡ ጀርባ ወሰዱት። ተኩሱን ሰማን። ሴትየዋ ጥቅልሏን እንደያዘች ሰልፉ ላይ ቆማ ቀረች፤ መውጣት እንዳለባት አልገባትም።

«የተበጠረችው መጣች!» አለ ማክ ጸጉሬን አይቶ። «ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ። ለማን ነው የምታበስይው?»

«ለወንድሜ ነው። ያንተን ዓይነት ባል ፈርቼ ነው የተበጠርኩት።»

ወታደሮቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ ሳቁን ሳያቋርጥ ጥቅልሉን ለሁለት ከፈለው። ሩዙ ፈረሰ። ጥቋቁሮቹ ክኒኖች ድንጋዩ ላይ ተንከባለሉ።

ጠመንጃውን ገልብጦ በሰደፉ አፌን መታኝ። ጥርሶቼ ምላሴ ላይ ተዘረገፉ። ወደቅሁ፤ እጄን ረገጠው። የፈላ ውኃ ያደነዘዛቸው ጣቶች ናቸው፤ ሲሰበሩ ድምፁን እንጂ ሕመሙን አልሰማሁም።

«የማን ነው?» አለ ማክ።

«የኔ ነው» አልኩ ደም እየተፋሁ። «እኔ ነኝ አጫሿ። የኑ የኔ ነው። ወንድሜ አያውቀውም።»

«አንቺ?»

«እኔ። መዝግበኝ። ሎ ሱት-ፋን፣ ፈታይ። ጻፍ!»

ጸሐፊው ብዕሩን አንስቷል። ማክ ግን አንዲቱን ክኒን በእግሩ ጫፍ ገፋ፣ ገፋ አደረጋትና ፍርግርጉ ፊት አቆማት። ከዚያ በሩን ከፈተና ወንድሜን በሸሚዙ ጎትቶ አወጣው።

«እህትህ ‹ክኒኑ የኔ ነው› ትላለች። አንተስ ምን ትላለህ?»

ቦክ-ዪን አየኝ። አፌን አየ፣ የተረገጠ እጄን አየ። ዓይኑ ማልቀስ ጀምሮ ነበር፤ ለእኔ ይሁን በየኑ ምክንያት፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

«የእሷ ነው» አለ። ድምፁ ደህና ነበር። ቀጥ ብሎ ቆመ።

በልቤ ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት። ዓይኑን ከዓይኔ ላይ አልነቀለም። አሥር። ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማክ ጫማውን ክኒኗ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ተጫናት፤ ተፈረከሰች፤ ሽታዋ ወጣ። አሥራ ስምንት። ወንድሜ መንጋጋውን ነክሶ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። በርታ ታላቄ፣ በርታ የእናቴ ልጅ። ሃያ አንድ።

ወደቀ። በአራት እግሩ ሄደ። መንገዱ ላይ እኔ ነበርኩ፤ ጉልበቱን ደረቴ ላይ አሳርፎ አልፎኝ ሄደ። የማክን ጫማ በደህና እጁ አንስቶ ድንጋዩን ላሰ። ጫማውን ላሰ። ከፍርግርጉ ውስጥ ሌሎቹ አበዱ፤ አንዱ በተከፈተው በር ዘልሎ ወደቀሩት ክኒኖች ተወረወረ፤ ቦክ-ዪን ጆሮውን ነክሶ ቆረጠው። አራቱንም እሱ በላ። ወታደሮቹ በሰደፍ ጀርባውን ሲደበድቡት እያኘከ ነበር።

«ጻፍ» አለ ማክ ለጸሐፊው። «የሎ ልጅ። አራተኛው።»

«እኔንስ?» ብዬ ጮኽኩ።

«አንቺን ምን ላድርግሽ? ሬሳ የሚሸከም ሰው ያስፈልጋል።»

አስረው ግንቡ ጥግ ላይ አቆሙት፤ ወረፋ ነበረ፤ ሦስት ሰዎች ከፊቱ ቆመዋል። እስኪደርሰው ድረስ ክኒኑ ሠራ። መንቀጥቀጡ ቆመ። ትከሻው ተፍታታ፣ ፊቱ በራ፣ ትል ቤቱን ኖራ ሲቀባ የነበረው ቦክ-ዪን ተመለሰ። ዞር ዞር ብሎ እኔን አገኘና ግንባሩን ቋጠረ።

«ሦስተኛ፣ አፍሽን ምን ሆንሽ?» አለኝ። «ማነው የመታሽ?»

ወዲያው ወሰዱት። አንድ ተኩስ፣ ቀጥሎ ሁለተኛ፤ የመጀመሪያው አልገደለውም ማለት ነው።

እኔና አጎቴ በጀልባ አምጥተን ምንጣፍ ላይ አስተኛነው። እናቴ ሸሚዙን ከፍታ ሁለቱን ቀዳዳዎች በጣቷ ዳሰሰች። አላለቀሰችም። ቀና ብላ አየችኝ።

«ሲሞት የን ነበረበት?»

«አልነበረበትም እማዬ።»

«በምን ለቀቀው?»

ነገርኳት። ድልድይ ሥር ያገኘሁትን ሣጥን፣ ያነበብኩትን መሐላ፣ ሩዙን፣ ጫማውን፣ ሁሉንም። ነግሬያት እንደጨረስኩ በጥፊ መታችኝ፤ ያንኑ የተሰበረውን አፌን። ደገመችኝ። አጎቴ ሊገላግሉን ተነሱ፤ ተዉዋት አልኳቸው። እጇ እስኪዝል ድረስ ፊቴን አቅንቼ ቆምኩላት።